ራውተርና ስዊች ማዋቀር ለምንማር፦ ቪላን 20ን ስጨምር ቪላን 10 ለምን ተቋረጠ?

የኔትወርክ ተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንሽ ኔትወርኮችን ማዋቀር በግሌ እየተማርኩ ነው። ለመለማመጃ የያዝኩት አንድ የሲስኮ ራውተር፣ አንድ ባለ 24 ፖርት የሚዋቀር የሲስኮ ስዊች እና ሦስት ኮምፒውተሮች ናቸው። ያሰብኩት በአንዱ ስዊች ላይ ሁለት የሥራ ክፍሎችን በቪላን (አንዱን ስዊች እንደ ብዙ ስዊቾች የሚከፋፍል አሠራር) ለየብቻ አድርጌ በራውተሩ በኩል ብቻ እንዲገናኙ ማድረግ ነው። ለመጀመሪያው ክፍል ቪላን 10ን ከ192.168.10.0 ጋር፣ ለሁለተኛው ቪላን 20ን ከ192.168.20.0 ጋር መድቤአለሁ፤ የሁለቱም ሰብኔት ማስክ (ከአድራሻው የትኛው ክፍል የኔትወርኩ እንደሆነ የሚለይ ቁጥር) 255.255.255.0 ነው። ራውተሩና ስዊቹ የሚገናኙት በአንድ ኬብል ብቻ ስለሆነ የስዊቹን ፖርት 24 ትራንክ (የብዙ ቪላኖችን መረጃ የሚያሳልፍ መስመር) አድርጌ፣ በራውተሩ ፖርት ላይ ለእያንዳንዱ ቪላን አንድ አንድ ንዑስ ኢንተርፌስ (በአንዱ ፖርት ላይ የሚከፈት ምናባዊ ፖርት) ከፍቻለሁ።

ቪላን 10 ብቻውን በነበረበት ጊዜ ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። ቪላን 20ን ከጨመርኩ በኋላ ግን የቪላን 20 ኮምፒውተር ጌትዌዩን (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫ የሆነውን የራውተሩን አድራሻ) 192.168.20.1 ፒንግ ሲያደርግ (አለህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ) መልስ ያገኛል፤ የቪላን 10 ኮምፒውተሮች ደግሞ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሲያገኙት የነበረውን 192.168.10.1 ማግኘት አቆሙ። በቪላን 10 ውስጥ ያሉት ሁለቱ ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው ያለ ችግር ይገናኛሉ። በራውተሩ ላይ አዲሱን ንዑስ ኢንተርፌስ ከመጨመር በቀር የነካሁት ነገር የለም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቪላን 10ን የቆረጠው ምን ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ሁለተኛው ሰፋ ያለ ነው። ትእዛዞቹን ከሞላ ጎደል በቃሌ ይዣቸዋለሁ፤ የተዘጋጁ መልመጃዎችንም ደረጃ በደረጃ ተከትዬ እጨርሳለሁ። አንድ ነገር ሲቋረጥ ግን ከየት ጀምሬ ወዴት ልፈልግ እንደሚገባኝ አላውቅም። ይህን ችሎታ እንዴት አዳበራችሁት?


የኮንሶል ወዳጅ፦

ያቀረቡት መረጃ ዝርዝር ስለሆነ ብዙውን ነገር ከሩቅ ሆኖ መለየት ይቻላል። የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ የመጀመሪያውንም ስለሚፈታ ከእሱ ልጀምር።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ልምምድ፣ አንድም ትእዛዝ ሳይጽፉ በፊት አንድ ፍሬም (በኬብሉ የሚላክ የመረጃ ጥቅል) ከኮምፒውተሩ ተነሥቶ በየትኛው ፖርት ገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ በወረቀት ላይ ማስፈር፣ ከዚያም በእያንዳንዱ መሣሪያ ዘንድ ያ ግምት እውነት መሆኑን ከሰንጠረዦቹ ላይ ማረጋገጥ ነው። ስዊች የማክ አድራሻ (የመሣሪያው የኔትወርክ ፖርት መለያ ቁጥር) ሰንጠረዥ አለው፤ ኮምፒውተርና ራውተር የትኛው አይፒ አድራሻ የየትኛው ማክ አድራሻ እንደሆነ የሚያሳይ የአርፕ ሰንጠረዥ ይይዛሉ፤ ራውተር በተጨማሪ ወደየትኛው ኔትወርክ በየት በኩል እንደሚኬድ የሚያሳይ የራውቲንግ ሰንጠረዥ አለው። እነዚህ ሦስቱ ምን እንደሚሉ ማንበብ የቻለ ሰው፣ ትእዛዙን ቢረሳ እንኳ ፈልጎ ያገኘዋል። ትእዛዙን ብቻ የያዘ ሰው ግን መሣሪያው ከሌላ አምራች የመጣ ዕለት እንደ አዲስ ይጀምራል።

አሁን የእርስዎን ፒንግ እንከተለው። ኮምፒውተሩ 192.168.10.1ን ለማግኘት ሲፈልግ በመጀመሪያ የራሱን አድራሻና የመድረሻውን አድራሻ በሰብኔት ማስኩ ያነጻጽራል። ሁለቱም በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ስለሆኑ ራውቲንግ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የዚያ አድራሻ ባለቤት ማክ አድራሻ ነው። ስለዚህ «192.168.10.1 ማን ነው?» የሚል የአርፕ ብሮድካስት (ለሁሉም የሚደርስ መልእክት) ይልካል። ስዊቹ ይህን ብሮድካስት ከገባበት ፖርት በቀር ቪላን 10ን በሚያስተላልፉ ፖርቶች ሁሉ ያወጣዋል። በትራንኩ ሲወጣ ግን በ802.1ኪው ደንብ መሠረት 4 ባይት የሆነ መለያ ይጨመርበታል፤ ከዚያ ውስጥ 12 ቢቱ የቪላኑን ቁጥር ይይዛል፤ በጥቅም ላይ የሚውሉት የቪላን ቁጥሮች ከ1 እስከ 4094 የሆኑትም ለዚህ ነው። ራውተሩ መለያውን አንብቦ ፍሬሙን 10 ቁጥር ለተሰጠው ንዑስ ኢንተርፌስ ያስረክባል፤ ንዑስ ኢንተርፌሱም በዚያው መንገድ መልስ ይሰጣል።

እያንዳንዱን እርምጃ ከነገሩን ጋር እናገናዝብ። የቪላን 10 ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው ከተገናኙ፣ ቪላኑ በስዊቹ ላይ አለ፣ ፖርቶቻቸውም በትክክል ተመድበዋል ማለት ነው። የቪላን 20 ኮምፒውተር ራውተሩን ካገኘ ደግሞ ኬብሉ ደህና ነው፣ የራውተሩ ዋና ፖርት ተከፍቷል፣ ፖርት 24ም በእርግጥ ትራንክ ሆኗል። የሚቀሩት ሁለት ተጠርጣሪዎች ብቻ ናቸው፦ የራውተሩ የ10 ንዑስ ኢንተርፌስ እና ትራንኩ ቪላን 10ን እንዲያሳልፍ መፈቀዱ። በስዊቹ ላይ «ሾው ኢንተርፌስ ትራንክ»፣ በራውተሩ ላይ «ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ» ብለው የሚያዩትን ይጻፉልን። ፖርት 24ን ለማዋቀር የጻፏቸውን ትእዛዞችም በቅደም ተከተላቸው ቢያስቀምጡልን መልካም ነው።


ባለ ሰማያዊ ኬብል፦

ከላይ የተሰጠው ትንታኔ ትክክል ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ኬብሉ ተጠርጣሪ አይደለም። ነገር ግን ጠያቂው ከየት ልጀምር ስላሉ፣ እኔ ሁልጊዜ ከኬብሉና ከፖርቱ እንዲጀመር አጥብቄ እመክራለሁ። በትንንሽ ኔትወርኮች ውስጥ የምጠራባቸው ብልሽቶች ብዙዎቹ መነሻቸው ከዚያ ነው።

የፖርቱ መብራት መብራቱ የሚነግረን ሁለቱ ጫፎች በኤሌክትሪክ መተያየታቸውን ብቻ ነው። መረጃው በንጽሕና ስለ ማለፉ ምንም አይነግረንም። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በመዳብ ኬብል ውስጥ አራት ጥንድ ሽቦዎች አሉ። 100 ሜጋ ቢት የሚጠቀመው በሁለቱ ጥንዶች ብቻ ሲሆን፣ እነሱም በሶኬቱ ላይ 1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር ላይ የሚያርፉት ናቸው። አንድ ጊጋ ቢት ግን አራቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ከቀሩት ጥንዶች አንዱ በአግባቡ ካልተጨመቀ መስመሩ ብዙውን ጊዜ ጨርሶ አይቋረጥም፤ ወደ 100 ሜጋ ቢት ወርዶ ይሠራል፤ ተጠቃሚውም «ኔትወርኩ ዘገየ» ብሎ ይመጣል። «ሾው ኢንተርፌስ ስታተስ» ብሎ የፍጥነቱን ዓምድ ማንበብ ይህን በአንድ አፍታ ያሳያል።

ሌላው የዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክና መቀበል ሙሉ፣ በተራ ማድረግ ግማሽ ይባላል) አለመጣጣም ነው። በአንደኛው ጫፍ ያለው ሰው ፍጥነቱን 100፣ ዱፕሌክሱንም ሙሉ ብሎ በእጁ ካሰረው፣ በሌላኛው ጫፍ ያለው መሣሪያ ግን በራሱ እንዲደራደር ከተተወ፣ ሁለተኛው ድርድር ስለማያገኝ ፍጥነቱን ለይቶ ዱፕሌክሱን ግማሽ ያደርገዋል። ፒንግ ያልፋል፤ ትልቅ ፋይል ሲተላለፍ ግን መስመሩ ይንገዳገዳል፤ በግማሽ ዱፕሌክሱ ወገን ዘግይተው የሚመጡ ግጭቶች ቁጥር ይጨምራል። መፍትሔው ሁለቱንም ጫፎች በራሳቸው እንዲደራደሩ መተው ነው። አንዱን አስሮ ሌላውን መልቀቅ ምንጊዜም መጥፎ ነው።

የኬብሉን ርዝመትም አይርሱ፤ ከስዊች እስከ ኮምፒውተር ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በግድግዳ ውስጥ ያለውም ሆነ በጠረጴዛ ሥር ያለው አጭር ኬብል በዚያ ውስጥ ይቆጠራል።


የኔትወርክ ተማሪ፦

ስለ ዝርዝር ማብራሪያው ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በራውተሩ በኩል ሁለቱም ንዑስ ኢንተርፌሶች «አፕ» እና «አፕ» ናቸው፤ አድራሻዎቻቸውም ትክክል ናቸው። በስዊቹ በኩል ግን «ሾው ኢንተርፌስ ትራንክ» ስል፣ በፖርት 24 እንዲያልፉ የተፈቀዱት ቪላኖች በሚለው ሥር ያለው ቁጥር 20 ብቻ ነው። 10 የለም።

የጻፍኳቸው ትእዛዞች በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ «ስዊችፖርት ሞድ ትራንክ»፣ ቀጥሎ «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 10» ብዬ ነበር። ቪላን 20 ሲመጣ ደግሞ «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 20» የሚለውን ጨመርኩ።


የኮንሶል ወዳጅ፦

እነሆ መልሱ ተገኘ። ያ ትእዛዝ ዝርዝሩን እንዳለ ይተካዋል እንጂ በነበረው ላይ አይጨምርም። ሁለተኛውን መስመር በጻፉበት ቅጽበት፣ ትራንኩ ላይ የነበረው 10 ተሰርዞ 20 ብቻ ቀረ። አሁን 10ን ለመመለስ ትክክለኛው አጻጻፍ «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን አድ 10» ነው፤ «አድ» የምትለው ቃል ስትኖር ብቻ ነው የነበረው ሳይነካ አዲሱ የሚጨመረው። ለማንሣትም በዚያው መንገድ «ሪሙቭ» ይባላል።

ይህን በመለማመጃ ላይ ማየትዎ መልካም ሆነ፤ በሥራ ላይ ባለ ኔትወርክ ውስጥ ያቺ አንዲት ቃል ብዙ ቪላኖችን በአንድ ጊዜ ልትቆርጥ ትችላለችና። ከዚያም የከፋው፣ ስዊቹን ከሩቅ በኤስኤስኤች ገብተው እያዋቀሩ ከሆነና እርስዎ የገቡበት ቪላን ከተቆረጡት አንዱ ከሆነ፣ ለማስተካከል እንኳ መመለሻ የለዎትም።

ስለዚህ ከሩቅ ሆነው ትራንክ ወይም የአድራሻ ቅንብር ከመንካትዎ በፊት የሚደረግ አንድ ጥንቃቄ አለ። የሲስኮ መሣሪያዎች ሁለት የቅንብር ቅጂዎች አሏቸው፤ አንዱ አሁን በሥራ ላይ ያለው፣ ሌላው መሣሪያው ሲነሣ የሚያነበው። የሚጽፉት ትእዛዝ ወዲያውኑ የሚገባው በመጀመሪያው ውስጥ ሲሆን፣ «ኮፒ ራኒንግ-ኮንፊግ ስታርትአፕ-ኮንፊግ» እስኪባል ድረስ ሁለተኛው እንደነበረ ይቆያል። በሥራ ላይ ያለው ቅንብር መቀመጡን ካረጋገጡ በኋላ «ሪሎድ ኢን 10» ይበሉ፤ መሣሪያው ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሣ ይቀጠራል። ለውጡን ያድርጉ። ከተቆረጡ፣ መሣሪያው ሲነሣ በተቀመጠው አሮጌ ቅንብር ስለሚነሣ ይመለሳሉ። ለውጡ ከሠራ «ሪሎድ ካንስል» ብለው ቀጠሮውን ይሰርዙና አዲሱን ያስቀምጡ። በሚክሮቲክ ራውተሮች ላይ ለዚሁ ሥራ «ሴፍ ሞድ» የሚባል አሠራር አለ፤ ግንኙነትዎ ከተቋረጠ ያደረጉትን ለውጥ ራሱ ይመልሰዋል።

ቪላን 10ን ከመለሱ በኋላ በስዊቹ ላይ «ሾው ማክ አድረስ-ቴብል» ብለው በፖርት 24 ላይ የሚታየውን ይመልከቱ።


የኔትወርክ ተማሪ፦

ቪላን 10 ተመልሷል። የማክ ሰንጠረዡንም አየሁ፤ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። በፖርት 24 ላይ ያው አንዱ ማክ አድራሻ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፤ በአንደኛው መስመር ከፊቱ 10፣ በሌላው 20 ተጽፎበታል። ማክ አድራሻ አንድ ብቻ መሆን ሲገባው ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?


የኮንሶል ወዳጅ፦

ትክክለኛ ምልከታ ነው። በራውተሩ ላይ የከፈቷቸው ሁለቱ ንዑስ ኢንተርፌሶች በአንድ ፖርት ላይ ስለተቀመጡ የሚጠቀሙት ያንኑ የፖርቱን ማክ አድራሻ ነው። ስዊቹ በበኩሉ አድራሻዎችን የሚመዘግበው ለየቪላኑ ለይቶ ነው፤ ለእሱ ቪላን 10 እና ቪላን 20 ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሁለት ስዊቾች ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሁለቱ መስመሮች መኖር፣ ራውተሩ በሁለቱም ቪላኖች በኩል ፍሬም መላኩን የሚያስረዳ ማስረጃ ነው። ቪላን 10 ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ይህን ሰንጠረዥ ቢያዩት ኖሮ የ10ን መስመር አያገኙትም ነበር።

ልብ ይበሉ፤ ስዊች የሚማረው ከላኪው አድራሻ ብቻ ነው። ዝም ያለ መሣሪያ በሰንጠረዡ ውስጥ አይገኝም፤ ተመዝግቦ የነበረውም ለ300 ሰከንድ ምንም ካልላከ ይሰረዛል። ስለዚህ ሰንጠረዡን ከማንበብዎ በፊት አንድ ፒንግ ይላኩ።


ትንሹ መረብ፦

ይህን ውይይት ስከታተል የእኔም ችግር ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ መስሎኝ ልጠይቅ ወደድኩ። እኔም በተመሳሳይ መንገድ ሁለት ቪላኖች አሉኝ። አድራሻ የሚያድለው የዲኤችሲፒ ሰርቨር ቪላን 10 ውስጥ ነው። የቪላን 10 ኮምፒውተሮች አድራሻ በትክክል ይወስዳሉ። የቪላን 20 ኮምፒውተሮች ግን የሚይዙት በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ነው። በእጄ አድራሻ ስሰጣቸው ግን ጌትዌያቸውንም ሰርቨሩንም ያገኛሉ። ትራንኩ ላይ ሁለቱም ቪላኖች ተፈቅደዋል።


የኮንሶል ወዳጅ፦

በ169.254 የሚጀምረው አድራሻ ኮምፒውተሩ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሚሰጠው ነው። አድራሻ የሌለው ኮምፒውተር ሰርቨሩ የት እንዳለ ስለማያውቅ ጥያቄውን በብሮድካስት ይልካል፤ ራውተር ደግሞ ብሮድካስትን ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው አያሻግርም። በእጅ አድራሻ ሲሰጡት የሚሠራውም ለዚህ ነው፤ ያኔ የሚላከው ለአንድ የታወቀ አድራሻ የተጻፈ ፓኬት ነው።

መፍትሔው ራውተሩ ጥያቄውን ተቀብሎ በሰርቨሩ አድራሻ እንዲያስተላልፍ ማዘዝ ነው። በራውተሩ የቪላን 20 ንዑስ ኢንተርፌስ ላይ «አይፒ ሄልፐር-አድረስ» ብለው የሰርቨሩን አድራሻ ይጻፉ። ትእዛዙ የሚጻፈው ጥያቄው በሚገባበት በኩል እንጂ ሰርቨሩ ባለበት በኩል አይደለም። ራውተሩ ሲያስተላልፍ ጥያቄው የገባበትን የራሱን አድራሻ በውስጡ ይጽፍበታል፤ ሰርቨሩም ያንን አይቶ ከየትኛው የአድራሻ ክልል መስጠት እንዳለበት ይለያል። ስለዚህ በሰርቨሩ ላይ ለ192.168.20.0 የተዘጋጀ ክልል መኖር አለበት፤ የሚያድለውም ጌትዌይ 192.168.20.1 መሆን ይገባዋል።


ባለ ሰማያዊ ኬብል፦

ስለ ዲኤችሲፒ ከተነሣ፣ በትንንሽ ኔትወርኮች ውስጥ ከዚህ የባሰ የሚያስቸግረውን ላንሣ፤ የማይታወቅ ሁለተኛ አድራሻ አዳይ። አንድ ሠራተኛ ዋይፋይ ለማስፋት ብሎ የቤት ራውተር ያመጣና ከላን ፖርቶቹ በአንዱ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ያገናኘዋል። ያ ራውተር ሲነሣ ዲኤችሲፒው ክፍት ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንዳንዱ ኮምፒውተር ከትክክለኛው ሰርቨር፣ አንዳንዱ ከዚህኛው አድራሻ ይወስዳል፤ ቀድሞ የመለሰው ያሸንፋል። ሠራተኞች «ጠዋት ይሠራ ነበር፣ ከሰዓት ቆመ» ይላሉ፤ ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ሲገባ ዳግም ይሠራል፤ ችግሩ አንድ ቦታ አይቆምም።

አያያዙ ግን ቀላል ነው። ችግር ባለበት ኮምፒውተር ላይ «አይፒኮንፊግ /ኦል» ይበሉና የዲኤችሲፒ ሰርቨር ተብሎ የተጻፈውን አድራሻ ያንብቡ። የእርስዎ ሰርቨር ካልሆነ ያንን አድራሻ ፒንግ ያድርጉ፤ «አርፕ -ኤ» ብለው ማክ አድራሻውን ይውሰዱ። ወደ ስዊቹ ይሂዱና ያንን ማክ አድራሻ በሰንጠረዡ ውስጥ ይፈልጉ፤ የተመዘገበበትን ፖርት ይነግርዎታል። ፖርቱ ወደ ሌላ ስዊች የሚወስድ ከሆነ እዚያም ሄደው ያንኑ ይድገሙ። መጨረሻ ላይ አንድ ፖርት፣ አንድ ኬብል፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳሉ። ከላይ ስለ ሰንጠረዦች የተባለው ሁሉ እዚህ ላይ ዋጋውን ያሳያል።

እንዳይደገም የሚያደርገው በስዊቹ ላይ «ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ» መክፈት ነው፤ ወደ ትክክለኛው ሰርቨር የሚወስደው ፖርት ብቻ ታማኝ ተብሎ ይመዘገባል፤ ከሌላ ፖርት የሚመጣ የአድራሻ እደላ ይጣላል። የቤት ራውተሩን ለዋይፋይ ብቻ መጠቀም የሚፈልግ ካለም ዲኤችሲፒውን ይዝጋው፣ የራሱን አድራሻ በኔትወርኩ ውስጥ ማንም ወደማይጠቀምበት ይቀይረው፣ ከዚያ በላን ፖርቱ ያገናኘው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላው አደጋ ሉፕ ነው። አንድ ሰው ጠረጴዛ ሥር ያለ የማይዋቀር ትንሽ ስዊች ላይ የአንዱን ኬብል ሁለት ጫፎች ቢሰካ፣ ብሮድካስት በዚያ ክብ ውስጥ መዞር ይጀምራል። የአይፒ ፓኬት በእያንዳንዱ ራውተር የሚቀንስ የዕድሜ ቁጥር አለው፤ የኤተርኔት ፍሬም ግን እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለው ኬብሉ እስኪነቀል ድረስ አይሞትም፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መብራቶቹ ሁሉ ያለ ዕረፍት ይርገበገባሉ፤ ኔትወርኩም ይቆማል። ራዲያ ፐርልማን በ1985 የፈጠረችው ስፓኒንግ ትሪ ይህን ለመከላከል የተሠራ ነው። ስዊቾቹ እርስ በርሳቸው መልእክት እየተለዋወጡ ትርፍ መንገዶችን ይዘጋሉ። የሚዋቀር ስዊች ያለው ሰው ይህን ሥርዓት ፈጽሞ እንዳይዘጋው። ኮምፒውተር በሚሰካባቸው ፖርቶች ላይ «ቢፒዲዩ ጋርድ» መክፈትም ተገቢ ነው፤ በዚያ ፖርት በኩል ሌላ ስዊች ሲመጣ ወይም የራሱ መልእክት ተመልሶ ሲገባበት ፖርቱ ራሱን ይዘጋል።


ትንሹ መረብ፦

«ሄልፐር-አድረስ» በንዑስ ኢንተርፌሱ ላይ ከጻፍኩ በኋላ የቪላን 20 ኮምፒውተሮች አድራሻ ወስደዋል። አንዱ ኮምፒውተር ግን እንደተነሣ 169.254 ይይዝና ጥቂት ቆይቶ ነው ትክክለኛውን የሚያገኘው።


የኮንሶል ወዳጅ፦

የዚያ ኮምፒውተር ፖርት በስፓኒንግ ትሪ ጥበቃ ውስጥ እያለፈ ነው። በቀደመው ሥርዓት አንድ ፖርት ሲነሣ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ ሌላ 15 ሰከንድ ይማራል፣ ከዚያ በኋላ ነው መረጃ የሚያሳልፈው። ኮምፒውተሩ በእነዚያ 30 ሰከንዶች ውስጥ ጠይቆ ተስፋ ቆርጧል። በዚያ ፖርት ላይ «ስፓኒንግ-ትሪ ፖርትፋስት» ይጻፉ። ይህ ግን የሚጻፈው ኮምፒውተር ወይም ፕሪንተር ብቻ በሚሰካበት ፖርት ላይ ነው፤ ስዊች በሚያገናኝ ፖርት ላይ ፈጽሞ አይጻፍ።


ማስክና ጌትዌይ፦

ጀማሪዎችን በማስተማር ላይ ያለሁ ሰው እንደመሆኔ ስለ አድራሻ አከፋፈል አንድ ነገር ልጨምር። የኔትወርክ ተማሪ ለእያንዳንዱ ቪላን በ192.168 የሚጀምር አንድ ሙሉ ኔትወርክ መስጠታቸው ለመጀመሪያ ጥሩ ነው፤ የቪላኑ ቁጥርና የአድራሻው ሦስተኛ ክፍል አንድ መሆናቸውም ለማስታወስ ይረዳል። ለውስጥ ኔትወርክ የተተዉት አድራሻዎች በ1996 በወጣው ደንብ የተወሰኑት ሦስቱ ክልሎች ናቸው፦ በ10 የሚጀምሩት ሁሉ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ እንዲሁም በ192.168 የሚጀምሩት። ከእነዚህ ውስጥ 192.168.0 እና 192.168.1 የቤት ራውተሮች ይዘዋቸው ስለሚመጡ ለሥራ ቦታ ባይመረጡ ይሻላል። ሠራተኛው ከቤቱ በቪፒኤን ሲገባ የሁለቱ ወገን አድራሻ አንድ ይሆንና መንገዱ ይጠፋል።

ተማሪዎች በብዛት የሚደናቀፉበት ቦታ ኔትወርኩን ሲከፋፍሉት ነው። 192.168.10.0ን በ255.255.255.192 ብንከፍለው አራት ኔትወርኮች ይወጣሉ፤ በ0፣ በ64፣ በ128 እና በ192 ይጀምራሉ፤ እያንዳንዳቸው 62 መሣሪያ ይይዛሉ። አሁን ለአንድ ኮምፒውተር 192.168.10.70 ብንሰጠውና ጌትዌዩን 192.168.10.1 ብንለው አይሠራም። 70 ከ64 እስከ 127 ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ 1 ግን ከ0 እስከ 63 ባለው ውስጥ ነው። ጌትዌይ ምንጊዜም ኮምፒውተሩ ካለበት ኔትወርክ ውስጥ መሆን አለበት፤ ኮምፒውተሩ ወደ ሌላ ኔትወርክ ለመሄድ ጌትዌይ ያስፈልገዋልና ጌትዌዩ ራሱ ሌላ ኔትወርክ ውስጥ ከሆነ መድረሻ የለውም። ቁጥሮቹ በዓይን ሲታዩ የሚቀራረቡ ስለሚመስሉ ይህ ስሕተት ቶሎ አይታይም።

መለማመጃ መሣሪያ የሌላቸው ደግሞ በሲስኮ ፓኬት ትሬሰር እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ በሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ በኩል ያለ ክፍያ ይገኛል። በተለይ ፍሬሙን አንድ በአንድ እያቆመ የሚያሳየውን ክፍል ይጠቀሙ፤ ከላይ በጽሑፍ የተነገረው የአርፕ ጉዞ እዚያ በዓይን ይታያል። ሁሉንም ትእዛዝ አይቀበልም፤ ለዚህ ደረጃ ግን ከበቂ በላይ ነው።


ባለ ሰማያዊ ኬብል፦

በፓኬት ትሬሰር መጀመሩን አልቃወምም፤ ነገር ግን እዚያ ብቻ መቅረት አይበቃም። በፓኬት ትሬሰር ውስጥ ክፉኛ የተጨመቀ ሶኬት የለም፤ የይለፍ ቃሉ የጠፋ አሮጌ ስዊችም የለም። ያገለገለ መሣሪያ ያገኘ ሰው የኮንሶል ኬብል ሰክቶ፣ ፍጥነቱን 9600 አድርጎ፣ መሣሪያው ሲነሣ የሚጽፈውን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ያንብበው። ከዚያ የሚገኘው ትምህርት በሌላ መንገድ አይገኝም።


የኔትወርክ ተማሪ፦

የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። አሁን የሁለቱም ቪላኖች ኮምፒውተሮች ጌትዌያቸውን ያገኛሉ። ከቪላን 10 ኮምፒውተር ተነሥቼ የቪላን 20ን ኮምፒውተር 192.168.20.15 ፒንግ ሳደርግ ግን መልስ የለም። በተሰጠኝ ምክር መሠረት መንገዱን ጽፌ ተከተልኩት። በራውተሩ የራውቲንግ ሰንጠረዥ ላይ ሁለቱም ኔትወርኮች በቀጥታ የተገናኙ ተብለው ተመዝግበዋል። በራውተሩ የአርፕ ሰንጠረዥ ላይም 192.168.20.15 ከነማክ አድራሻው አለ። ከራውተሩ ላይ ሆኜ ያንን ኮምፒውተር ፒንግ ሳደርግ ይመልሳል። የኮምፒውተሩ ጌትዌይ 192.168.20.1 መሆኑንም አረጋግጫለሁ። እንደ እኔ ግምት ፓኬቱ ኮምፒውተሩ ድረስ ይደርሳል፤ የማይመልሰው ራሱ ኮምፒውተሩ ነው።


የኮንሶል ወዳጅ፦

ግምትዎ ትክክል ነው። ራውተሩ ፒንግ ሲያደርግ ጥያቄው የሚመጣው ከ192.168.20.1 ነው፤ ይህም ለኮምፒውተሩ የራሱ ኔትወርክ ነው። ከቪላን 10 ሲመጣ ግን ላኪው ባዕድ ኔትወርክ ነው፤ የዊንዶውስ ፋየርዎልም ከራሱ ኔትወርክ ውጭ የመጣ ፒንግን ብዙ ጊዜ ይጥላል። በዚያ ኮምፒውተር ፋየርዎል ውስጥ የፒንግ ጥያቄን የሚመለከተውን የመግቢያ ደንብ ይክፈቱ፤ የሚቀበለውንም የአድራሻ ክልል 192.168.10.0ን እንዲጨምር ያድርጉ። ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ አይዝጉት።


የኔትወርክ ተማሪ፦

ደንቡን ከፈትኩ፤ መልስ መጣ። በዚያው በቪላን 10 ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር ፒንግ ሳደርግ የመልሱ ቲቲኤል (ከላይ የተባለው የዕድሜ ቁጥር) 128 ነው፤ ከ192.168.20.15 የሚመጣው ግን 127 ይላል፤ አንድ ራውተር ማለፉ ነው።